ቀለሙን ተዉት፣ ይዞታውን ያዙ፦ የቆየ የመኖሪያ ሰፈር መልክ በምን ይጠበቃል?

በግራና በቀኝ ሃያ ቤቶች የተሰለፉበትን አንድ የቆየ መንገድ እናስብ። እያንዳንዱ ይዞታ ወደ መንገዱ 12 ሜትር ፊት አለው። ቤቶቹ ከመንገዱ 4 ሜትር ያህል ገባ ብለው ተሠርተዋል፣ አጥሮቹ ደረት አይደርሱም፣ ጣሪያዎቹ ሁሉ ተዳፋት ናቸው። አንድ ቀን ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ይዞታዎች አንድ ሰው እጅ ይገቡና በአንድ ካርታ ይጠቃለላሉ። አንድም ጡብ አልተነካም፣ አላፊ አግዳሚው ያስተዋለው ለውጥ የለም። የመንገዱ ዕጣ ግን ያን ቀን ተቆርጧል፤ 36 ሜትር ፊት ባለው መሬት ላይ 12 ሜትር ቤት የሚሠራ ማንም የለምና። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ የቅርስ ኮሚቴ ቢሰበሰብ ግማሽ ቀን የሚከራከረው የአንዱ ቤት ግድግዳ ቢጫ ይሁን ክሬም በሚለው ላይ ነው።

የብዙ ሰፈሮች ጥበቃ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ክርክሩ የሚበዛው በቀላሉ ሊመለስ በሚችለው ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ ፈጽሞ የማይመለሰው በጸጥታ ያልፋል። ቀለም በአንድ ቅዳሜ ይቀየራል። የተነቀለ መስኮት በገንዘብ ይመለሳል። ከፍ ብሎ የተሠራ ፎቅ ግን ሃምሳ ዓመት ይቆያል፤ አንዴ የተዋሐደ ይዞታ ደግሞ መልሶ ሲከፈል እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይዞታ፣ ከዚያ ቤቱ ከመንገዱ የሚርቅበት ልክ፣ ከዚያ ከፍታ፣ ከዚያ በርና መስኮት፣ ከዚያ የግድግዳና የጣሪያ ቁስ፣ በመጨረሻ ቀለም መሆን አለበት።

ይህ አካሄድ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የከተሞችን ቅርጽ ያጠና የነበረው ኮንዘን እ.ኤ.አ. በ1960 በሰሜን እንግሊዝ ስላለችው አኒክ ከተማ ባሳተመው ጥናት ከተማን በሦስት ንብርብር ከፍሎ አይቷል፦ መንገዶች፣ ይዞታዎችና ሕንፃዎች። መንገድ ከሁሉ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል፣ ይዞታ ይከተላል፣ ሕንፃ ከሁለቱም ቀድሞ ይለወጣል። የዓለም አቀፉ የሐውልቶችና የቅርስ ቦታዎች ምክር ቤት፣ ኢኮሞስ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የዋሽንግተን ቻርተርም የታሪካዊ ሰፈር መለያዎችን ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው በይዞታና በመንገድ የሚወሰነውን የሰፈሩን አቀማመጥ ነው። የሕንፃው ገጽታ የመጣው ዘግይቶ ነው።

የሒሳቡ ተቃርኖ

ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ ለምን ይፈርሳል? ብዙውን ጊዜ መልሱ ያለው በዚያው ከተማ ፕላን ላይ ነው። 400 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ 180 ካሬ ሜትር ወለል ያለው የቆየ ቤት አለ እንበል። የወለል ስፋቱ ለይዞታው ያለው ጥምርታ 0.45 ነው። የአካባቢው ፕላን ግን እስከ 2.5 ይፈቅዳል፤ ማለትም 1,000 ካሬ ሜትር። በመካከል 820 ካሬ ሜትር ያልተሠራ ወለል አለ። የመሬቱ ዋጋ የሚተመነው በ1,000ው ነው፣ ለባንክ መያዣ ሲቀርብም እንደዚያው፣ ወራሾች ሲካፈሉም እንደዚያው። ለባለቤቱ ያ ቤት ቅርስ ሳይሆን 820 ካሬ ሜትር ላይ የተቀመጠ እንቅፋት ይሆንበታል። አንዱ መሥሪያ ቤት አትንካ ብሎ ምልክት ሲለጥፍበት፣ ሌላው ባወጣው ፕላን አፍርስ እያለው ነው።

ይህ ተቃርኖ ሳይፈታ የሚወጣ የጥበቃ ደንብ ውሎ አድሮ በልዩ ፈቃድ እየተሸረሸረ ማለቁ አይቀርም። መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው የተፈቀደውን ከነባሩ ጋር ማቀራረብ ነው። የጃፓኗ ኪዮቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የከተማ ገጽታ ፖሊሲ በመሀል ከተማ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የነበረውን የ45 ሜትር የከፍታ ወሰን ወደ 31፣ ከመንገዶቹ ጀርባ ባሉት ብሎኮች ውስጥ ደግሞ ከ31 ወደ 15 ሜትር አውርዳለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የኒው ዮርክ የመጀመሪያው ታሪካዊ ሰፈር ተብሎ የተሰየመው ብሩክሊን ሃይትስም በኋላ የ50 ጫማ፣ ማለትም የ15 ሜትር ገደማ፣ የከፍታ ወሰን ተጨምሮለታል። ስያሜው ብቻውን አልበቃም ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው መውጫ ያልተጠቀሙበትን የመገንባት መብት ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ነው። ባለቤቱ 820 ካሬ ሜትሩን ለማደግ በተመደበ ሌላ ሰፈር ለሚገነባ ሰው ይሸጥና ቤቱ ይቆያል። የኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ጉዳይ የታወቀው በዚህ ነው፤ ከተማዋ ከጣቢያው በላይ ፎቅ እንዳይሠራ በመከልከሏ ክርክር ተነሥቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ለከተማዋ ሲፈርድ፣ ባለንብረቱ መብቱን ወደ አጎራባች ቦታዎች ማሻገር መቻሉን ከግምት አስገብቷል። ይህ መንገድ ግን የሚሠራው ተቀባይ ሰፈር አስቀድሞ ሲሰየምና እዚያ ተጨማሪ ወለል የሚፈልግ ገንቢ ሲኖር ነው። ተቀባዩ ሰፈር ያለ ምንም ግዢ እንደ ልብ እንዲገነባ ከተፈቀደለት መብቱን የሚገዛ አይገኝም፣ ወረቀቱም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ መለኪያው

ደንብ ከመጻፉ በፊት ሰፈሩ ይለካል። ሥራው ውስብስብ አይደለም። ሁለት ሰው፣ የሌዘር ሜትር፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በቀይና በነጭ የተቀባ የ3 ሜትር ዘንግ (ፎቶ ላይ ልኬት እንዲያሳይ ከግድግዳው ተጠግቶ የሚቆም) እና ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቅጽ ይበቃል። የሚመዘገበው የይዞታው የፊት ስፋት፣ ቤቱ ከመንገዱ የሚርቅበት፣ በግራና በቀኝ ከጎረቤት ያለው ክፍተት፣ የጣሪያ ጠርዝና የጣሪያ አናት ከፍታ፣ የጣሪያው ተዳፋት፣ የእያንዳንዱ በርና መስኮት ወርድና ቁመት፣ መስኮቱ ከግድግዳው ፊት ወደ ውስጥ የገባበት ጥልቀት፣ የልስኑ ዓይነት፣ የአጥሩ ከፍታና የተሠራበት ነገር፣ የበሩ ስፋት፣ በግቢው ያሉ ትልልቅ ዛፎች ናቸው። ግንዱ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ በካርታ ላይ ነጥብ ይደረግለት፤ የአንዳንድ ሰፈር መልክ ከቤቶቹ ይልቅ በዛፎቹ ላይ የቆመ ነውና።

ከዚያ ቤቶቹ በሦስት ይመደባሉ፦ ለሰፈሩ መልክ የጎላ ድርሻ ያላቸው፣ የማይጠቅሙም የማይጎዱም፣ ሰፈሩን የሚረብሹ። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። መዝጋቢዎቹ በውበት ወይም በዕድሜ ይመድባሉ። አምሮ የተሠራው የጥግ ቪላ አንደኛ ደረጃ ይሰጠውና ተራዎቹ አሥራ አምስት ትንንሽ ቤቶች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይባላሉ። ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ግን አሥራ አምስቱ ናቸው፤ ቪላው በመካከላቸው ለየት ያለ አንድ ቤት ነው። አሥራ አምስቱ ሲፈርሱ ቪላው በፎቆች መሀል የቀረ ሙዚየም ይመስላል።

ሌላው ስሕተት አማካይ ላይ መጣበቅ ነው። የጣሪያ ጠርዞቹ ከ3.8 እስከ 5.2 ሜትር የሚለያዩ ከሆነ «4.5 ሜትር ይሁን» የሚል ደንብ ሰፈሩ ኖሮት የማያውቀውን አንድ ወጥነት ይፈጥራል። የሚጻፈው ክልሉ ነው፣ ከዚያም በላይ በአንድ ቤትና በጎረቤቱ መካከል ያለው የልዩነት ልክ።

«ከአካባቢው ጋር የሚጣጣም» የሚባለው ሐረግ

በየደንቡ የሚገኘው ይህ ሐረግ ማንንም አያስርም። አመልካቹ ይጣጣማል ይላል፣ ባለሙያው አይጣጣምም ይላል፣ ይግባኝ ሰሚው ሁለቱንም አይቶ ለአመልካቹ ያደላል፤ ደግሞም አይፈረድበትም፣ የሚይዘው ነገር የለማ። በቦታው መግባት ያለበት ሜትር ይዞ የሚፈተሽ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የጣሪያው ጠርዝ ከሁለቱ ጎረቤቶች ከፍ ካለው ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አይበልጥም»፤ «በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በርና መስኮት ከጠቅላላው ስፋት ከ20 እስከ 35 በመቶ ይይዛሉ»፤ «የፊት አጥር ከ1.2 ሜትር አይበልጥም፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለው ክፍል አሳልፎ የሚያሳይ ይሆናል»። ቁጥሮቹ ከየሰፈሩ ልኬት ይወጣሉ እንጂ ከሌላ ከተማ አይገለበጡም።

ቁጥርም ቀዳዳ አለው። ከፍታ «ከመሬት» ይለካ ከተባለ ገንቢው አስቀድሞ ግቢውን በአፈር ይሞላና ከሙሌቱ ላይ ይለካል። መነሻው በይዞታው የፊት መሀል ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ከፍታ ይሁን ተብሎ መጻፍ አለበት። ከፍታ በፎቅ ብዛት ከተገለጸ ደግሞ የ4.5 ሜትር ፎቅ ይሠራል፤ ግማሹ ከመሬት ወጥቶ «ምድር ቤት» የሚባልም ይመጣል። ስለዚህ ሜትርም ፎቅም አብረው ይጻፋሉ።

ሰው ቤቱን ማስፋት ይፈልጋል፤ ልጅ ይወለዳል፣ ወላጅ ይመጣል። ይህን የሚከለክል ደንብ ሕገወጥ ግንባታ ይወልዳል። መልሱ ከኋላ ነው። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ነው እንበል። መንገዱ 8 ሜትር፣ ቤቱ ከመንገዱ የራቀው 4 ሜትር፣ የጣሪያው አናት ከፊት ግድግዳው 4 ሜትር ወደ ውስጥ፣ ከፍታው 5.5 ሜትር ከሆነ፣ ከዓይን እስከ ጣሪያው አናት 16 ሜትር አግድም ርቀት አለ። ቀጥታ መስመር ተሰምሮ ወደ ኋላ ሲቀጥል ከአናቱ 10 ሜትር ጀርባ ላይ 7.9 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ሁለት ፎቅ ቢሠራ ከመንገድ አይታይም። አንድ የቁመት ስዕል ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ ማለት ብቻ ይበቃል፤ የብዙ ወራት ንትርክ በማስመሪያ ያልቃል።

ትንንሽ ለውጦችን ለብቻ ማሰብ ያስፈልጋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣችው ሕግ የጥበቃ ሰፈር የሚባለውን ስያሜ ፈጠረች፤ የመጀመሪያዋም የስታምፎርድ ከተማ ነበረች። ነገር ግን በሰፈሩ ውስጥ ያለ ተራ መኖሪያ ቤት መስኮትና በሩን ያለ ፈቃድ መቀየር ይችል ነበር፣ ዛሬም በስያሜው ብቻ አይከለከልም። ያን ለማስቀረት የአካባቢው ባለሥልጣን «አርቲክል 4» የተሰኘ ተጨማሪ ትእዛዝ ማውጣት አለበት። ስያሜ ሌላ፣ የፈቃድ ግዴታ ሌላ መሆኑን ያላስተዋለ ሰፈር ታርጋውን ይዞ መስኮቱን ያጣል።

መኪናም አለ። ለእያንዳንዱ መኖሪያ አንድ የመኪና ማቆሚያ በግቢ ውስጥ ይኑር የሚል ደንብ ካለ፣ የፊት አጥሩ መፍረሱና ግቢው ኮንክሪት መሆኑ የታወቀ ነው። ደግሞ ትርፍ የለውም፤ 3 ሜትር የመኪና መግቢያ ሲከፈት በመንገዱ ዳር ለማንም ይሆን የነበረ አንድ ማቆሚያ ይጠፋል። የጎርፍ ውሃ ይጨምራል፣ ዛፉ ይቆረጣል። በእንዲህ ዓይነት ሰፈር የማቆሚያውን ግዴታ ማንሣት ከአሥር የገጽታ ደንብ ይበልጣል።

ግድግዳው ለምን ይፈርሳል

አሁን ወደ ቁሱ እንምጣ፤ በበጎ ፈቃድ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ነውና። በጭቃ፣ በለስላሳ ጡብ ወይም በኖራ በተያያዘ ድንጋይ የተሠራ የቆየ ግድግዳ ውሃን የሚከላከለው በማገድ አይደለም። ይጠጣል፣ መልሶ ይተነፍሳል። ከመሬት የሚወጣው እርጥበትና ዝናቡ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በልስኑ በኩል ተንኖ ይወጣል።

ልስኑ ሲነቀል ባለቤቱ «ጠንካራ ይሁን» ብሎ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ሁለት ዓመት ያምራል። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ይወጣል፤ ግድግዳው በሙቀትና በእርጥበት ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው አብሮ አይንቀሳቀስም። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ውሃው ከልስኑ ጀርባ ሲጠራቀም በውስጡ የሟሟው ጨው በግድግዳው ገላ ውስጥ እየደረቀ ክሪስታል ይሠራል፣ ያብጣል፣ የጡቡን ፊት እየፈነቀለ ይጥላል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የታችኛው ክፍል ከልስኑ ጀርባ ሟሙቶ ይወርዳል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ሲያንኳኩት ባዶ ይጮኻል። በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የእንጨት ጫፍም ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከቆየ ፈንገስ ይይዘዋል። ያኔ መሐንዲስ ይጠራና «ቤቱ ለመኖሪያ አይሆንም» የሚል ወረቀት ይጻፋል። ቤቱን የገደለው ዕድሜው ሳይሆን ጥገናው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ትክክለኛው ሥራ በኖራ ነው። አንድ እጅ የበሰለ የኖራ ሊጥ ለሦስት እጅ የታጠበ፣ ደቃቅና ሻካራ ቅንጣት የተቀላቀለበት አሸዋ። የተነከረው ኖራ ቢያንስ ሦስት ወር ውሃ ውስጥ ቢቆይ ይመረጣል። ግድግዳው አስቀድሞ ይረጥባል፤ ደረቅ ግድግዳ የልስኑን ውሃ በአንድ ጊዜ ይመጠውና ልስኑ ዱቄት ይሆናል። እያንዳንዱ ድርብ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር የለጠፈ ሰው ይሰነጠቅበታል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ስለሆነ ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይጋረድለታል፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ ይርከፈከፍለታል። ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሥራው ይቆማል። ኮንትራክተር ኖራን የሚጠላው ዋጋው አስቸግሮት አይደለም፤ መጠበቁ ነው። በሁለት ቀን ለስኖ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድበትን ቤት ሦስት ሳምንት ሊመላለስበት ነው።

የጡብ መገጣጠሚያ ሲታደስም ሕጉ ያው ነው፦ ጡቦቹን የሚያያይዘው ሞርታር ከጡቡ የደከመ ይሁን። የቆየው ሞርታር የመገጣጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ሳያንስ፣ በመሮና በቀላል መዶሻ ይወጣል። በግራይንደር ከተሠራ ዲስኩ የጡቡን ጠርዝ ይበላል፤ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው መስመር 14 ይሆናል፣ ግንቡ በሙሉ መልኩ ይለወጣል፣ ያ ደግሞ አይመለስም።

ከግድግዳው ግርጌ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የቤቱ ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። መንገዱ በታደሰ ቁጥር ግን በነባሩ አስፋልት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደረብ፣ ከአራት እድሳት በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ተበልቷል። ደፉ ይቀበራል፣ የዝናቡ ውሃ ወደ ቤት ይዞራል፣ ግርጌው ዓመት ሙሉ እርጥብ ይሆናል። ባለቤቱ የግድግዳውን ሕመም ሲያክም በሽታው ያለው ደጅ ነው። በቅርስ ሰፈር ውስጥ ነባሩ አስፋልት ሳይፋቅ አዲስ አይደረብም የሚል አንድ መስመር በመንገድ ሥራ ውል ውስጥ ቢገባ፣ ለመቶ ቤቶች ጥገና ያህል ይቆጠራል።

የመስኮቱ ነገር

90 በ150 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት እንውሰድ። የቆየው የእንጨት መቃንና መዝጊያ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ቢታይ፣ የመሀል ዘንጎቹን ሳንቆጥር፣ 1.12 ካሬ ሜትር መስታወት ይቀራል። በቦታው የሚገባው የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ፍሬም በየጎኑ 11 ሳንቲ ሜትር ቢይዝ 0.87 ካሬ ሜትር። ሃያ ሁለት በመቶ ብርሃን ሄዷል። በዚያ ላይ የቀድሞው መስኮት ከግድግዳው ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ጥላ ይጥል ነበር፤ አዲሱን ገጣሚው ለሥራ ስለሚቀለው ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ያደርገዋል። ሰው መንገዱን አይቶ «አንድ ነገር ጎደለ» ሲል ምን እንደጎደለ አያውቀውም፤ የጎደለው ያ ጥላ ነው።

የበሰበሰ መስኮት ሁሉ አይጣልም። አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ውሃ የሚያርፍበት የታችኛው አግዳሚና ከጎን ዘንጎቹ የታችኛው 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ነው። አናጢው ጤነኛው እንጨት ድረስ ቆርጦ፣ በሰያፍ ገጥሞ፣ ተመሳሳይ እንጨት ይቀጥላል። ከዳር ዳሩ የነፋስ መከላከያ ይገባለታል። ብርድና ድምፅ የሚያስቸግር ከሆነ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት ይጨመራል፤ ከውጭ አይታይም፣ በፈለጉ ቀን ይነሣል። የታሸገው ድርብ መስታወት ግን ማሸጊያው ባረጀ ጊዜ በመሀሉ ጤዛ ይይዛል፣ ያኔ ሙሉው ክፍል ይጣላል እንጂ አይጠገንም።

ፊቱን ብቻ አስቀርቶ ከኋላው ፎቅ ማቆም የሚባለውን ብልሃት በተመለከተ ብዙ አንልም። የ30 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ በብረት ታስሮ ሲቆም የወለሎቹ ከፍታ ከመስኮቶቹ ጋር አይገጥምም፣ አዲሱ ወለል በአሮጌው መስኮት መሀል ያልፋል። ያለ ማስረጃ «የድሮ አስመስሎ» መሥራትም ከዚህ አይሻልም፤ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር በ9ኛ አንቀጹ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ይቁም ይላል።

ነዋሪው ከሄደ

የጣሊያኗ ቦሎኛ እ.ኤ.አ. በ1973 ባጸደቀችው ዕቅድ የመሀል ከተማዋን አሮጌ ቤቶች ስታድስ፣ የማኅበራዊ ቤቶችን ገንዘብ ለዚያ አውላ ነባሮቹ ነዋሪዎች እዚያው እንዲቆዩ ለማድረግ ተነሣች። ቤትና ነዋሪ አብረው ይጠበቁ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ተጠቅሷል፣ ብዙ ቦታም ተረስቷል። በማሌዥያ ጆርጅ ታውን የድሮው የኪራይ ቁጥጥር እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ብዙ ነባር ተከራዮች ከሱቅ ቤቶቹ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ ከሜላካ ከተማ ጋር በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ቤቶቹ ነበሩ፤ በውስጣቸው ይኖር የነበረው ሰው ግን በከፊል ሄዶ ነበር።

የጥበቃ ደንብ ሰው ማስወጫ መሆኑን የሚናገሩ ተቺዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ደንቡ የቤተሰብ ቁጥር ሲገድብ፣ ከኋላ መሥራትን ሲከለክል፣ ትልቁን ቤት ለሁለት ለሦስት መክፈልን ሲያግድ፣ ሰፈሩ ለባለጸጋ ብቻ ይቀራል። መቆጣጠር ያለበት ከውጭ የሚታየውን ቅርጽ ነው። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ይኑር የሚለው የቅርስ ጉዳይ አይደለም።

የገንዘብ ድጋፍ ሲኖር ደግሞ ከላይ ይጀመር። ለፎቶ የሚያምረው የፊት ግድግዳ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ቤትን የሚያድነው ግን ጣሪያና አሸንዳ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል። በዓመት ሁለት ጊዜ አሸንዳ መጥረግ፣ የተሰነጠቀ የክዳን ጡብ መተካት፣ የመውረጃ ቱቦውን ውሃ ከግርጌ ማራቅ። አንድ የተደፈነ አሸንዳ በሁለት ክረምት ከሥሩ ያለውን የግድግዳ ጥግና የጣሪያ እንጨት ጫፍ ያበላሻል። የኖራ ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ካልተገኘ አምስት ስድስት ባለቤቶች ኖራውን በጋራ ገዝተው፣ አንድ ባለሙያ አስመጥተው፣ የሰፈሩን ለሳኞች በመጀመሪያው ቤት ላይ ያሠለጥኑ።

ሆን ብሎ ቤቱን ለመበስበስ የሚተው ባለቤትም አለ፤ አሸንዳውን ነቅሎ መጠበቅ ነው። ለዚህ ዝቅተኛ የጥገና ግዴታ ያስፈልጋል፦ ጣሪያው ውሃ አያስገባ፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ግድግዳው ይደገፍ። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ካልተፈጸመ አስተዳደሩ ራሱ ሠርቶ ወጪውን በንብረቱ ላይ በዕዳ ያስመዘግባል። ዕዳው ንብረቱን ተከትሎ ለገዢ ካልተላለፈ ትእዛዙ አይሠራም።

ከየት ይጀመር

ወሬ ከደንብ ይቀድማል። «ሰፈሩ ሊከለከል ነው» የተባለ ዕለት የማፍረሻ ማመልከቻ ይጎርፋል። ስለዚህ ጥናቱ ይፋ በሚሆንበት ቀን ማፍረስና ይዞታ ማዋሐድን ለጊዜው የሚያግድ ትእዛዝ አብሮ ይውጣ፤ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት፣ ማብቂያው በቀን ተጽፎ። ማብቂያ የሌለው እግድ ፍርድ ቤት ይወድቃል፣ ነዋሪውንም ጠላት ያደርጋል። በእግዱ ጊዜ ልኬቱ ያልቃል፣ የወለል ጥምርታው ይስተካከላል፣ ደንቡ ተጽፎ በየቤቱ ይነበባል። ፈቃድ የማይጠይቁ ሥራዎች ዝርዝርም አብሮ ይውጣ፦ አሸንዳ መቀየር፣ በነበረው ቁስ ክዳን መጠገን፣ መስኮት መጠገን። ለመጠገን ሦስት ወር፣ ለማፍረስ አንድ ወር የሚፈጅበት ቢሮ ምን እየመረጠ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቁጥጥሩ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከሆነ ዋጋ የለውም። መሠረቱ ሲወጣ ከመንገዱ ያለው ርቀት፣ የመጀመሪያው ፎቅ ወለል ከመሞላቱ በፊት የካሶኒው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ከፍታ፣ ጣሪያው ከመመታቱ በፊት የግድግዳው አናት ይለካሉ። ሦስት ጉብኝት። 40 ሳንቲ ሜትር ወደ መንገድ የወጣ መሠረት በዚያ ሳምንት በቀላሉ ይስተካከላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ቅጣት ተከፍሎበት ይጸናል።

ቀለሙስ? ኮሚቴው ስለ ቀለም መነጋገሩ ካልቀረ፣ ከመልኩ በፊት ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። በኖራ በተለሰነ ግድግዳ ላይ የኖራ ቅብ ወይም የሲሊኬት ቀለም እርጥበቱን ያስወጣል፣ የፈለገ ቀለም ይሁን። ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባበት ግን በትክክል የተመረጠው ክሬም ሁለት ክረምት ሳይሞላው ከግርጌ ጀምሮ እያበጠ ይላጣል፣ ልስኑንም ይዞት ይወርዳል።